የናታኒም ልብ በስንት ድንኳን

ወሬውን ያመጣችው አርሴማ ነች፤ ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊዋ። አርሴማ ወሬ ስታመጣ የበሩን መቃን ይዛ ቆማ ነው የምታወራው፤ ግቢ ቢሏት አትገባ፣ ጨርሳ አትሄድ።

«ሰሙ እማማ ሶሊያና? ያቺ ብሎክ ዘጠኝ ያለችው ሴትዮ የለችም፣ ጥርሷ ያለቀው? ጥርስ አስገባች እኮ! በማን እንዳስገዛችው ያውቃሉ? በምራቷ!»

«በየትኛዋ ምራቷ?»

«ባባረረቻት! ሻንጣዋን ደረጃ ላይ በወረወረችባት። ሄዳ ጉልበቷ ላይ ወድቃ ‹አንቺ ግዢልኝ› አለቻት አሉ። ልጅቷ መዳፏን ገለጥ ብታደርግ ሙሉ ጥርስ፣ የላዩም የታቹም፣ ስድስት ድንኳን! ሴትዮዋ ራሷ ስታየው ሰማንያ ሲላት የከረመው። ምራትየው ‹አኘከች አላኘከች እኔን ምን ገዶኝ› ብላ ገዛችላት። ይኸው አሁን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሸንኮራ ትግጣለች።»

ሶሊያና ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን ግን አልጨረሰችውም። ወደ ውስጥ ዞር አለች። ባሏ ናታኒም ሽርጡን አገልድሞ መስኮቱ ስር ተቀምጧል፤ ደረቱ ላይ ያለችው መብራት በካናቴራው ውስጥ ቢጫ ሆና ትታያለች። አረንጓዴ ሲሆን ማንም አያየውም፤ ቢጫ ሲሆን የልብ ባትሪው አስራ አራት ቀን ቀረው ማለት ነው። ሦስቱ ሄደዋል።

«ምን ሆኑ?» አለች አርሴማ።

«ምንም። ሂጂ እስቲ ስፌትሽን ስፊ።»

ይሄ የሆነው ድሬዳዋ ነው፣ ሳቢያን፣ ብሎክ አራት፣ በሁለት ሺህ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት። ድንኳን የእድሩ ገንዘብ ነው። ድሮ ሱቁ ለየአገሩ በየአገሩ ገንዘብ ዋጋ ማሳየት ሲጀምር ሰው ጎሽ አለ፤ ማን በማያውቀው ገንዘብ ሲደናገር ይውላል። ያ ክሪፕቶ የሚሉትም መጣና ተጨመረ። ከዚያ ለየከተማው ሆነ፣ ከዚያ ለየሰፈሩ፣ ከዚያ ለየእድሩ። የብሎክ አራት እድር ያለው ንብረት አንድ ድንኳን ስለነበር ገንዘቡ ድንኳን ተባለ፣ ዝርዝሩ ካስማ። ከሐዲዱ ማዶ ያሉት ድስት ይላሉ። የነሱ ድስት ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት ይወርዳል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ የሚጠይቅም የለም። ብር አሁን ልጆች እቃቃ የሚጫወቱበት ነው።

በመጨረሻ ደግሞ ለየሰዉ ሆነ። ዋጋው መዳፍ ላይ ይወጣል፣ ለእያንዳንዱ የየራሱ፤ የሚገዛ ሰው አውራ ጣቱን አጥፎ ቁጥሩን ይጫናል። አጥብቆ የፈለገ አብዝቶ ይከፍላል፤ ምንም ያልመሰለው በርካሽ ይወስዳል። ሱቁ እንዴት እንደሚያውቅ አይነገርም፤ ብቻ ያውቃል፣ ተሳስቶም አያውቅም። የራስን ዋጋ ለሰው ማሳየት ትልቅ ነውር ነው። ሰው ሰላም ሲባባል እጁን ጨብጦ አንጓውን ይሰጣል፣ እጁ ወጥ እንደነካው ሰው። ለእንግዳ ሰው ከተማው በሙሉ ሊደባደብ የወጣ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ገበያ የሚታየው ጠግቦ ነው፣ ቢቻል እንቅልፍ እንቅልፍ እያለ። የባልን ሱሪ ሚስት፣ የሚስትን ዲሪያ ባል ይገዛል። ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው መጀመሪያ የሚማሩት ከረሜላ እያዩ ማዛጋት ነው። «ደስ ሲል!» የሚል ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሶሊያና እንኳን፣ በሰባ አራት ዓመቷ ጣፋጩ ሙሸበክ ሲያምራት፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች «ዘይት ብቻ እኮ ነው፣ ምን ያደርግልኛል» እያለች ነው የምትገዛው። በዚህ ዘዴ ጎበዝ ነበረች። ድፍን ብሎክ አራት ሶፋ ሲገዛ እሷን ነበር የሚልከው፤ ሶፋ አትወድም።

የልብ ባትሪን ግን እያዛጉ ማየት አልቻለችበትም።

መብራቷ ቢጫ በሆነች ቀን መዳፏን ገለጠች፤ ሁለት መቶ አርባ ድንኳን። ያላቸው ሁሉ ቢሰበሰብ መቶ ሠላሳ ነው። ደነገጠች፤ የደነገጠች ጊዜ ሁለት መቶ ዘጠና ሆነ። ጨበጠች። ምሳ ሠርታ፣ አጥባ፣ «አሁን ልቤ ተረጋግቷል» ብላ ገለጠች፤ ሦስት መቶ ሃምሳ። በነጋታው አስራ አንድ ጊዜ አየችው። ናታኒም ራሱ ሲያየውማ ቁጥሩ ከመዳፉ አልፎ አንጓው ላይ ወጣ።

«ተይው ሶሊ» አለ ሽርጡን እያጠበቀ፤ «እኔ እንኳን ይሄን ያህል አላወጣም።»

«ዝም በል አንተ! ማን ጠየቀህ?»

ከዚያ ወዲያ ቁጭ ማለት አቃታት። ያጠበችውን ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች። ምንም ሳትፈልግ አራት ፎቅ ወርዳ ትወጣለች። የቀኝ እጇን ከኋላዋ ትይዛለች፣ ታመጣለች፣ መልሳ ትይዛለች። በመጨረሻ የናታኒምን ካልሲ አንስታ እጇ ላይ አጠለቀችው፤ እንዳታየው።

ኤልዳና ያገኘቻት እንደዚያ ሆና ነው። ኤልዳና የስልሳ ዓመት ጓደኛዋ ናት፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፤ ሰፈሩ የእድሩን ጥሩንባና የኤልዳናን ምላስ እኩል ነው የሚፈራው።

«ምን ሆነሽ ነው፣ እጅሽ ትምህርት ቤት ሊሄድ ነው እንዴ ካልሲ የለበሰው?»

ሶሊያና ነገረቻት። ኤልዳና ወደ ግድግዳው ዞራ የራሷን መዳፍ ገለጠች፣ ጨበጠች።

«ስንት አለሽ?»

«ነውር አይደለም እንዴ?»

«ኤልዱ!»

«አራት መቶ ሰማንያ። ይሄን የማይረባ ሰውዬ ይሄን ያህል እንደምወደው ማን ያውቃል?» አለችና አፍንጫዋን ጠረገች። «ከሌላ እድር ሰው ብናስገዛስ?»

«የልብ ዕቃ በራሱ እድር ሰው ካልሆነ አይሸጥም። ጠይቄያለሁ።»

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ማክቤል ነው፣ የእድሩ ዳኛ። ዳኛ ማክቤል ከናታኒም ጋር ሠላሳ ዓመት ካርታ ተጫውቷል፤ መብራቷ ቢጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ አንድ ቀን አልቀረም። ገብቶ ናታኒምን አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት።

«ወንድሜ! ናቲዬ! አንተ ብትለየኝ እኔ ማን አለኝ? እኔን ያስቀድመኝ!» እያለ አለቀሰ። አልቅሶ ሲያበቃ ሻዩን ጠጣ፣ ብስኩቱን በላ፣ ካርታውን በወዘ።

«ማክቤል» አለች ሶሊያና፤ «አንተ መዳፍህ ላይ አይተኸዋል?»

«እኔ?» ጡጫው ጠበቀ። «እኔማ ባየው መዳፌ የሚሰነጠቅ ይመስለኛል፣ ሶሊያና። ፈርቼ ነው የማላየው።»

ኤልዳና አየችው፣ ምንም አላለችም። እሷ ምንም ካላለች ነገር አለ ማለት ነው፤ ሶሊያና ግን ያን ቀን ልብ አላለችም። ጭንቅላቷ ውስጥ የምትመላለሰው ሸንኮራ የምትግጠዋ ሴትዮ ነበረች።

ማክቤል ሲወጣ ጠብቃ «የሚጠላው ሰው ነው የምንፈልገው» አለች።

«ናታኒምን ማን ይጠላዋል? የሰፈሩን ውሻ እንኳን በስሙ እየጠራ ነው ሰላም የሚለው።»

ሁለቱም ያሰቡት አንድ ሰው ነው፤ ስሟ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ከተጠራ አርባ ስምንት ዓመት አልፎታል።

«ብሌን» አለች ኤልዳና በመጨረሻ።

ብሌን ፊት ለፊት ያለው ደረጃ ላይ፣ እዚያው አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ናታኒም በጉብዝናው ለሷ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆርጦ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሄዱት ሶሊያና ቤት ነው። እንዴት እንደሆነ ሦስት ዓይነት ወሬ አለ፤ ሶሊያና ሦስቱንም ታውቃለች፣ አንዱን ራሷ ነው ያስወራችው። ብሌን ከዚያ ወዲህ አላገባችም። እድር ላይ ጀርባዋን ሰጥታቸው ትቀመጣለች። ለፋሲካ ናታኒም ታሟል ሲሏት «እንግዲያው ድንኳኑን አናፍሱት» ነው ያለችው፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ሶሊያና ዓርብ ጠዋት ሄደች። ግቢውን ለመሻገር ሃምሳ እርምጃ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። አንዴ በሩን ዘግታ እንደሆነ ልታይ፣ አንዴ ውሃ ልትጠጣ፣ አንዴ ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችም።

ብሌን በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

«ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ልሁን ብለሽ መጣሽ?»

«መዳፍሽን ፈልጌ ነው።»

ብሌን ሳቀች። እንደ ወጣት ነው የሳቀችው፣ ከሆዷ። «አቦ! ወይ አንቺ ሴትዮ! ሰውዬውን ወሰድሽ። አሁን ደግሞ ጥላቻዬ ብቻ ቀርቶኝ ነበር፣ እሱንም ልትወስጂ መጣሽ?»

«ትጠይው የለ?»

«እጠላዋለሁ።»

«በደንብ?»

«ምን ማለትሽ ነው በደንብ? ድምፁን ደረጃ ላይ ስሰማ ሬዲዮ ነው የምከፍተው! አርባ ስምንት ዓመት ባትሪ የጨረስኩት ለሬዲዮ ነው!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሶሊያና። ከልቧ ነው ያለችው። «እንግዲያው አሁን ግለጪውና ግዢልኝ። ገንዘቡን አምጥቻለሁ።»

ብሌን ጡጫዋን አየች። ትንሽ አሰበች።

«እዚህ በር ላይ? ላንቺ ብቻ? አይሆንም። እሁድ እድር ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ነው የምገልጠው። ስንት ዓመት ቂም ይዛለች ሲሉ የኖሩ ሁሉ በቁጥር ይዩት።» በሩን ዘጋችው።

ሶሊያና ከዓርብ እስከ እሁድ አልጋ ላይ ጎኗን አላሳረፈችም ማለት ይቻላል። ካልሲው እጇ ላይ ነው። ስትበላ ካልሲው፣ ስትጸልይ ካልሲው። ቅዳሜ ከሰዓት የናታኒም መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ናታኒም «ሙቀቱ ነው» አለ። ድሬ ላይ ሁሉ ነገር በሙቀቱ ይሳበባል።

እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእድሩ መሰብሰቢያ ኮሚናሉ ሞላ። ወደ አርባ ሰው ይሆናል፤ የፕላስቲክ ወንበር፣ የሚንጋጋ ቬንትሌተር፣ ሁሉም ጡጫውን ጭኑ ላይ አድርጎ፤ ናታኒምም መሃል ተቀምጧል። ማክቤል ፊት ቆሞ ስለጠፉት ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ ሶሊያና ተነሣች። ያሰበችው ንግግር ነበር፤ ጠፋባት። ካልሲውን ብቻ አወለቀችና እጇን ወደ ሰዉ ዘረጋች።

ስምንት መቶ ሰማንያ አምስት።

«ኧረ በስመ አብ!» አለ አንዱ። ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላ ከለሉ፤ ሰው ቀሚሱን የገለበ ነው ያስመሰሉት።

«እድሩ ፊት ነውር ነው!» አለ ማክቤል።

«ነውሩን ኋላ እንነጋገራለን» አለች ሶሊያና። «ስድስት ቀን ነው የቀረው። እኔ ያለኝ መቶ ሠላሳ ነው። ከመቶ ሠላሳ በታች የሚያይ ሰው ካለ ይገዛልኝ። አልቀየምም። ስለ እግዚአብሔር ክፈቱት።»

መጀመሪያ ኤልዳና ከፈተች። አራት መቶ ሰማንያው አምስት መቶ ሆኗል። ቀጥላ አርሴማ፣ ዓይኗን ጨፍና፤ ሦስት መቶ ዘጠና አምስት። ከዚያ አንድ በአንድ። ሰው የራሱን እየገለጠ የጎረቤቱን ሰርቆ ያያል፤ ማን ምን ያህል ያዘነ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ታየ፤ አንዳንዱ ሦስት መቶ አለ፣ አንዳንዱ ሁለት መቶ ስድሳ። የሁለት ወር ተከራዩ ጸጉር አስተካካይ፣ ምሕረተአብ የሚባለው፣ መቶ ሰባ አምስት አለው። ልጁ አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። ላለማዘን ሞክሬ ነበር። ግን ባለፍኩ ቁጥር ‹እናትህ ደህና ናቸው?› ይሉኛል።»

ሶሊያና ወደ ባሏ ዞራ አፈጠጠች። ያን ሁሉ ዓመት ያገኘውን ሁሉ ሲያቅፍ፣ የሁሉን እናት ሲጠይቅ፣ እሷ ቤት እየጠበቀችው ደረጃ ላይ ሲያወራ የኖረ ሰው። አሁን የሚገድለው ይሄው ጠባዩ ነው። «ትንሽ እንኳን ብትኮራ ምን ነበረበት?» ልትለው ፈለገች።

«እኔ አለሁ!»

ብሌን ከኋላ ተነሣች። ለዛሬው የክት ልብሷን ለብሳለች። ዛሬ ጀርባዋን አልሰጠችም፤ ወንበሮቹን እያለፈች መሃል ድረስ መጣች።

«ሁላችሁም እዩ። አርባ ስምንት ዓመት ነው። ካስማ ካለ ካስማውን ቁጠሩት!» አለችና ጡጫዋን ከፍ አድርጋ ገለጠችው። ቀና ብላ አየችው። መልሳ ጨበጠችው።

«ስንት ነው?» አለ ሰው።

«ሱቁ አብዷል።»

«ስንት ነው ብሌን?»

ሶሊያና ሄደችና እጇን ያዘቻት። ከአርባ ስምንት ዓመት ወዲህ ሲነካኩ መጀመሪያቸው ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት። ብሌን ብዙ አልታገለቻትም።

አንድ ሺህ አራት መቶ አስራ ሁለት።

አርሴማ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሶሊያና ቁጥሩን አየች፣ የራሷን አየች፣ መልሳ ያንን አየች። እንዲህ ያለ ወሬ፣ የሌላ ሰው ባል ቢሆን ኖሮ፣ ዓመት ሙሉ በተመገበችው ነበር። በጥፊ ልትላት ፈለገች፤ ደግሞ ልታቅፋት ፈለገች። እጇ የቱን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ውሸታም» አለቻት ቀስ ብላ።

«ማን አውቆ» አለች ብሌን፤ እዚያው ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ናታኒም አጠገብ። ናታኒም የጫማውን ጫፍ ነበር የሚያየው። ደረቱ ላይ ያለችው መብራት በፍጥነት ብልጭ ድርግም ትላለች።

«በቃ ሶሊ» አለ። «ሁሉም ከፈተ። ቁጭ በይ፣ ደከመሽ።»

«ሁሉም አልከፈተም» አለች ኤልዳና።

ሰው ሁሉ ዞረ። ማክቤል ፊት እንደቆመ ነው፤ ሁለቱም ጡጫው እንደተጨበጠ።

«እኔ ዳኛ ነኝ። ዳኛ መዳፉን አይገልጥም። ደግሞስ ለምን? እኔና ናቲ ወንድማማች ነን! የኔ ከብሌንም ይበልጣል፤ ገልጬ ሰው ላሳቅቅ?»

«ግለጠው ማክ» አለ ናታኒም። «አልቀየምህም።»

ማክቤል ደረቱን ነፍቶ ገለጠው። እውነቱን ነው የሚመስለው፤ ሰውዬው ራሱ ያምን ነበር። እጁን ለሰዉ ካሳየ በኋላ ነው እሱ ያየው፣ ከሰዉ ፊት ላይ።

ሠላሳ ስምንት ድንኳን። ከአንድ ጀሪካን ዘይት ያነሰ።

ኮሚናሉ እንደ ንብ ቀፎ ተነሣ።

«ሠላሳ ዓመት ብስኩታቸውን እየበላህ!»

«ያ ሁሉ ልቅሶ ታዲያ ለማን ነው?»

«እኔ ከመጣሁ ሁለት ወር ነው!» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «መቶ ሰባ አምስት አለኝ!»

ሶሊያና አልሰማቻቸውም። በሕይወቷ እንደዚያ ያማረ ቁጥር አይታ አታውቅም። ሮጣ ክንዱን ያዘችው። «ግዛ! ማክቤል፣ ገንዘቡ ይኸው፣ ግዛ!»

«አልገዛም!» ማክቤል ላብ አጥምቆታል። «በዚህ ዋጋ አልገዛም! ስሜስ? ነገ ሰው ምን ይለኛል? ተሳስቷል እኮ፣ ትንሽ እንጠብቀው፣ ናቲ እኮ ወንድሜ ነው...»

«ኧረ ወንድምነት ይዋጥህ!» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቁም ስድቡም አንድ ላይ ወረደበት። ማክቤል ናታኒምን አየ። ናታኒም ፈገግ ብሎ ነበር፤ በእውነት አልተቀየመም። ያን ጊዜ የማክቤል እንባ መጣ። የመጣው ግን ለቅሶ ቤት ሲገባ እንደሚያደርገው አይደለም፤ ድምፅ የለውም፣ ፊቱን ሁሉ አበላሸው።

ሠላሳ ስምንቱ አርባ አራት ሆነ።

ያየችው ሶሊያና ብቻ ነች። ሃምሳ ሁለት።

«ዝም በሉ!» አለች። ማን ሰምቷት። አርሴማ ስለ ብስኩቱ እየተናገረች ነው። አንድ ሽማግሌ ስለ ጓደኝነት ተነሥተው ሊመክሩ ነው። ሰው በተሳደበ ቁጥር ማክቤል ያፍራል፣ ባፈረ ቁጥር ናታኒምን ያያል፣ ባየው ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ሰባ አንድ። ሰማንያ ሦስት።

«ዝም በሉ ስለ እመቤቴ! እየጨመረበት ነው!»

አሁን ማክቤልም አየው። ፊቱ በራ።

«እዩት! እዩት እየወጣ ነው! አላልኳችሁም? እወደዋለሁ አላልኳችሁም? ቆይ፣ አትንኩኝ፣ ቆይ ይውጣ...» እጁን ለሁሉም እያዞረ ያሳያል፣ ያለቅሳል፣ ይስቃል። ዘጠና ስምንት። መቶ ዘጠኝ። ሰዉ አሁን ደግሞ ሌላ ጫጫታ አመጣ፤ ግማሹ ግዛ ይላል፣ ግማሹ እግዜር ይባርክህ ይላል፣ የባረከውም ያው ነው፣ ያስጨምራል። ሶሊያና ክንዱን ትጎትታለች፣ አውራ ጣቱን ይዛ ወደ መዳፉ ልታጥፈው ትታገላለች። የሰው ጣት በግድ አይገዛም። መቶ አስራ ስምንት። መቶ ሃያ ሦስት።

ኤልዳና ወንበር ላይ ወጣች። በሰባ አምስት ዓመቷ፣ በዚያ በሚወላገድ ፕላስቲክ ላይ።

«አንተ ማክቤል!» አለች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳትወደው ኖረህ ዛሬ ልትጀምር ነው? መጀመሪያ ግዛ፣ ከዚያ ቤትህ ገብተህ እንደፈለግክ ውደደው!»

ከአርባው ሰው አንድ የተነፈሰ የለም። ማክቤል አፉን እንደከፈተ ቀረ። መቶ ሃያ ሰባት ላይ ቆመ፤ አውራ ጣቱም ወረደ።